የአባዬ ክንድና የሰማያዊዋ ፒካፕ ባሌስትራ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኤልሳዕ ኤርካሎ፣ ጆሃንስበርግ

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ከሱቅህ ደጃፍ እስከ ልጅህ አልጋ ድረስ ይግባልኝ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም በፎጣ ጠቅልለህ ነው የምትውለው? ሣራ ከወለደች ወዲህ ወገቧ በረታላት? ሕፃኑ ትንሳኤስ ጥርስ አበቀለ ወይስ ገና በድዱ ነው የሚስቅላችሁ? በላክኸው ፎቶ ላይ የሚታየው ጉንጭ ብቻ ነው። እማዬ ይኼ ጉንጭ ከእኛ ቤት የሄደ ነው እያለች ስልኩን ከጎረቤት ጎረቤት ስታዞር ባትሪውን ጨርሳ መለሰችልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ባለቤቴ ደገፉ ደህና ነው፣ ልጆቼ ደህና ናቸው፣ አባዬም ደህና ነው። ስለ አባዬ ደህንነት ግን ብዙ የምጽፍልህ ስላለኝ ሱቁን ለሣራ ስጥና ተመቻችተህ ተቀመጥ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። አንተ ስትደውል እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው መካከል ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያንተን ወሬ የማይሰማ የሰፈር ሰው የለም። ይኼ የምነግርህ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በአጭር መልእክት ልልክልህም አስቤ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በአውራ ጣት አይጻፍም። ይድነቃቸው እረፍቱን ጨርሶ ነገ ወደ እናንተ ስለሚመለስ ከዳጣው ጋር አስይዤዋለሁ። ዳጣውን ከሣራ ጋር ብሉት፣ ደብዳቤውን ግን መጀመሪያ ብቻህን አንብበው።

ዋናው ወሬ ይኸውልህ፣ ሰማያዊዋን አስነሳኋት። አዎ፣ በደወልክ ቁጥር ያንን የብረት ቁልል ለምን አትሸጡትም የምትለንን፣ የአባዬን አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ። እንደምታውቀው ከሻንቶ ገበያ አቮካዶና ዝንጅብል እየሰበሰብኩ ሶዶ ለሚመጡ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። አቮካዶ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ግማሹ ላሽቆ፣ ግማሹ ሰው ተቀምጦበት ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ክረምቱን መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በአንድ ፈተና አለፍኩ። ደገፉ በሦስተኛው ነው ያለፈው፤ ይህን ባልጽፍ ይሻል ነበር፣ ግን ጻፍኩት።

አባዬ መንዳት የተወበትን ነገር አንተ በስልክ ሰምተኸዋል እንጂ አላየኸውም። አንተ ከሄድክ በኋላ መሪው እያደር ያስቸግረው ነበር። ሰው ሲጭን ሁልጊዜ ወደ ግራ ጠጋ ጠጋ በሉ ይላል፤ እኛ የሽማግሌ ጭቅጭቅ አድርገን ይዘነው ነበር። በጥር 2009 ከሻንቶ የጉባኤ ሰዎችን ጭኖ ሲመለስ መኪናዋ ድንገት ወደ ቀኝ ተወረወረችና ቦዩን ዘልላ የሰው አጥር ውስጥ ገባች። ጌታ ነፍስ አተረፈ። የአቶ ጦና እግር ግን ተሰበረ፣ ዛሬም ያነክሳሉ። በማግስቱ እሁድ አባዬ በምእመናን ፊት ቆመና ክንዴ ከድቶኛል፣ መሪ መያዝ አቅቶኛል፣ ከእንግዲህ ሰው አልጭንም ብሎ ተናገረ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ጉባኤው በትሕትናው ተነካ። ያላለቀሰ አልነበረም። ለአባዬ ክንድ ሰባት ቀን ጾም ጸሎት ተያዘ፣ እኔም ጾምኩ። ከመኪናዋ ሥር ግን አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አላየም። እኛ ጋ እንዲህ ነን ኤልሳዕ፤ አንድ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲወስድ ሌላ ምክንያት መፈለግ ትሕትናውን መንጠቅ ይመስለናል። አሜን ብለን ወደ ቤታችን ገባን። ከዚያ ወዲህ አባዬ በየቅዳሜው መኪናዋ ውስጥ ይገባል፣ ሞተሯን ያስነሳል፣ ጥቂት ያዳምጣታል፣ ያጠፋና ይወርዳል። ከቆመችበት አንድ እርምጃ እንኳ አንቀሳቅሷት አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው።

ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ የነበራቸውን ጋሽ ቦጋለን ታስታውሳቸዋለህ። ጥቅምት ሲገባ መፍቻዎቻቸውን በጆንያ ይዘው ግቢያችን ድረስ መጡልኝ። ሞተሯን ዞር ብለውም አላዩት። ከፊት ጎማዋ በላይ ያለውን ፓራፋንጎዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁልቁል ሲጫኗት መኪናዋ እንደ አሮጌ አልጋ ተንቋቋች፤ የዚህች ሕመም የፊት እግሯ ላይ ነው አሉኝ። በክሪክ አነሳናት፣ ሻንሲዋን የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አሳረፍናት፣ የፊት ጎማዎቿን አወለቅን። አወለቅን የምልህ የደገፉን አሮጌ ሱሪ ለብሼ አብሬ ስለሠራሁ ነው። መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሆዷን ማወቅ አለበት ብዬ ነው የገባሁበት፣ ጋሽ ቦጋለም ሁለት ቀን ካጉረመረሙ በኋላ መዶሻ አቀብዪኝ ማለት ጀመሩ።

ባሌስትራው፣ ክብደቷን የሚሸከመው ተነባባሪ ብረት፣ ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት መያዣ ውስጥ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚገባ ጎማ አለ። ጋራዥ ቤት ጎሚኒ ይሉታል። የእኛው ተመጦ የተተፋ ሸንኮራ መስሎ ወጣ። ፒኑ የሚገባበት ቀዳዳ ራሱ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ፒኖቹ በዝገት ተጣብቀው አንወጣም ስላሉ ሁለት ቀን ናፍጣ እያጠጣን፣ በእሳት እያሞቅን፣ በመዶሻ እየነረትን በስንት መከራ አስወጣናቸው። እስከዚህ ድረስ የእርጅና ነገር ነው፤ ዕድሜ ሲሄድ ሰውም ጉልበቱ ያልቃል፣ ያንተን እንኳ ሳናነሳ።

ከዚያ ጋሽ ቦጋለ ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ። የእርሳቸው ሜትር ይኸው ነው። በግራ በኩል ከኋላው አክሰል እስከ ፊተኛው የባሌስትራ መያዣ ድረስ ዘርግተው ለኩና ቋጠሮ አሰሩበት። ያንኑ ሲባጎ በቀኝ በኩል ሲዘረጉት ቋጠሮው መያዣውን በሁለት ጣት አልፎ ሄደ። ሦስት ጊዜ ለኩ፣ ሦስት ጊዜም ያው ሆነ። የቀኙ መያዣ ከቦታው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የቀኙም ጎማ አብሮት ቀርቷል፤ እንዲህ ያለች መኪና የሳምሶን ክንድ ቢይዛትም ወደ ቀኝ መሄዷ አይቀርም። ጭቃውንና ቅባቱን ሲጠርጉት ደግሞ ጎርበጥባጣ ብየዳ ወጣ። ይህ መያዣ ተሰብሮ ነበር፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ አስበይዶታል አሉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው።

አባዬ ወንበሩን አስጠግቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲያየን ነበር። ይህን ሲሰማ ባትሪ አምጡልኝ አለና በሰባ ሦስት ዓመቱ በጀርባው እየተንፏቀቀ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። በ2007 ክረምት ሻንሲዋን ከሥሯ ጥቁር ቀለም የቀባት ራሱ ነው፣ ጣሳውን የያዝክለት አንተ ነህ። ብየዳው ያንን ቀለም አቃጥሎ ከላዩ ነው የተቀመጠው። ከዚያ ቀለም ወዲህ እስከ አደጋው ቀን የዚያችን መኪና መሪ የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ አባዬ ነው፣ ሌላውን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። አባዬ ከሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈ፣ ውኃ ለምኖ ጠጣ፣ የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር አለና ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብሎ ስለ ብየዳው ለማንም ሳይተነፍስ ሰነበተ።

እኔ ግን አስታወስኩ። በመስከረም 2008፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ባለፈ በሳምንቱ፣ አባዬ በቆሎ አምጣ ብሎ ዲምቱ ልኮህ አምሽተህ መጣህ። ጎማ ፈንድቶብኝ ነው አልክ። ሸሚዝህን ያጠብኩልህ እኔ ነኝ። ደረቱ ላይ እሳት የበሳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ልጁ ሲጋራ ጀመረ ብዬ ክው አልኩ። ለማንም ሳልናገር ቀዳዳዎቹን ጣፍኩልህ፣ ከሲጋራ እንዲያወጣህም ሦስት ቀን ጸለይኩልህ። ጎማ ያስጠገነ ሰው ሸሚዙ በብየዳ ፍንጣሪ እንደማይበሳሳ ያኔ አልመጣልኝም። ከልክ በላይ ጭነህ ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ይሆናል፣ አላውቅም። በሁለት ወርህ ደግሞ በሞያሌ በኩል መንገድህን ጀመርክ።

ተቆጥቻለሁ ኤልሳዕ። ብረት መሰበሩ አያስቆጣኝም፤ በዚያ ዕድሜ ሰብሮ የደበቀ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም፣ እኔም ለእማዬ እስከ ዛሬ ያልተናገርኳቸው ሁለት ማሰሮዎች አሉኝ። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አባዬ ክንዴ ከዳኝ ብሎ ቁልፉን ማስቀመጡ ሲነገርህ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አንተ ሽጧት ማለት ጀመርክ። እኔ ሞኟ፣ ልጁ ለአባቱ አዝኖ ነው፣ መኪናዋን ባየ ቁጥር እንዳይከፋው ብሎ ነው እያልኩ ስመርቅህ ኖርኩ። አባታችን ግን ሻይ ሲቀዳ እንኳ እጁን በጥርጣሬ እያየ፣ የልጅ ልጆቹን ለማቀፍ መጀመሪያ ተቀምጦ ነበር የሚቀበላቸው፤ እንዳይጥላቸው ፈርቶ። ይህን እዚያ ሆነህ ልታየው አትችልም፣ እኔ ግን በየቀኑ አይቼዋለሁ።

የጀመርኩትን የሥራውን ነገር ልጨርስልህ። ጋሽ ቦጋለ ያንን ብየዳ በግራይንደር ቆርጠው ጣሉት። ከአንድ የተጣለ የጭነት መኪና ሻንሲ ጠንካራ ብረት አስቆርጠው አዲስ መያዣ አበጁ፣ በሲባጎው እየለኩ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን ድረስ ለጊዜው ብቻ ነካ ነካ አድርገው ይበይዱና እንደገና ይለኩ ነበር። አዲስ ፒን ቶርኖ ቤት አስወጣን። ጎሚኒው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፣ የመጀመሪያው ቁጥሩ ተሳስቶ ተመልሶ ሄደ። ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ እኔ ደስ ብሎኝ ቡሎኑን ግጥም አድርጌ ላጠብቅ ስል እጄን ያዙኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉኝ። ጎሚኒ መኪናዋ ተንጠልጥላ እያለች ከጠበቀ፣ ወርዳ መሬት ስትረግጥ ተጠማዝዞ ይቀርና በዓመቱ ይቀደዳል፤ መጀመሪያ መሬት ትርገጥ፣ ክብደቷን ታሳርፍ፣ ከዚያ ይጠብቃል። ጎማዎቿን መልሰን አወረድናትና ከሥሯ ገብቼ በገዛ እጄ አጠበቅኋት። ሻንቶ ደርሼ ስመለስ አንድ አቮካዶ አልተጎዳም።

ጥቅምት 29 ቅዳሜ አባዬ እንደ ልማዱ ሞተሯን ሊያስነሳ ገባ። እኔ በወዲያኛው በር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ልጆቹን የግቢውን በር ክፈቱ ብዬ ጮህኩ። አባዬ ተቆጣኝ። እኔም መለስኩለት፣ የማን ልጅ ነኝና ዝም እላለሁ? ከበሩ ወጣን፣ ከኮረኮንቹ ወጥተን አስፋልቱን ያዝን። መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ጨምቆ ይዞት ነበር። የዳሞታን ተራራ ወደ ጎን ትተን ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ከፈታቸው፣ መዳፉን ብቻ መሪው ላይ ተወ። ሰማያዊዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ወዲያው ዳር ይዞ አቆማትና ክንዶቹን እያገላበጠ አያቸው። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉብን ያልፉ ነበር፣ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም።

አሁን ለጭንቄ ደረስኩ። አባዬ ሲነዳ ሰፈሩ ሁሉ አየ፣ ምእመናኑም ጸሎታችን ተመለሰ ብለው እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ፣ በአቶ ጦና መሪነት፣ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጡ። ጌታ ክንድህን እንደፈወሰ ቆመህ መስክር ይሉታል። አባዬን ታውቀዋለህ፤ በእግዚአብሔር ስም ያልሆነውን ሆነ ብሎ በምእመናን ፊት አይናገርም። ክንዴ ድሮም ደህና ነበር፣ መያዣው ተሰብሮ ነው እንዳይል ደግሞ ማን ሰበረው የሚል ጥያቄ ይከተላል። ያንንም አይናገርም። የተሰበረ እግራቸውን ይዘው ፊቱ የተቀመጡትን አቶ ጦናን እያየ፣ አንድ የምጠብቀው ነገር አለ፣ ታገሡኝ ብቻ ይላል። እነሱም ለእሁድ ኅዳር 28 ቀጥረውታል። ዳግመኛ ካለፈ ምስጋና የነፈገ ሰው መስሎ ሊታይባቸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን በሌለበት ሕመም ያፈረ ሰው አሁን ደግሞ በጤንነቱ እንዲያፍር አልፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ማክሰኞ ኅዳር 16 ጠዋት እኔና እማዬ ገበያ ነን። በእማዬ ስልክ ሳይሆን በራሱ ስልክ ደውልለትና በገዛ አፍህ ንገረው። አባዬ ያውቃል፣ እኔ እንደማውቅ አንተም ይህን ስታነብ አውቀሃል፤ ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ ከልጅ አፍ መስማት ሌላ ነው። ከዚያ ለአቶ ጦናም ትደውላለህ፣ ቁጥራቸውን ከጀርባው ጽፌልሃለሁ። ምናልባት ይቆጡህ ይሆናል፤ ይቆጡህ። አባዬ ያኔ ያለ አንዳች ጭንቀት ቆሞ የሆነውን እንደሆነው ይመሰክራል፣ የጌታም ክብር አይጎድልበትም። ብር እንዳትልክ። ስለ ጎሚኒው ማንም አልጠየቀህም፣ ይህም በሐዋላ የሚላክ ነገር አይደለም። እንደምትደውል ደግሞ አልጠራጠርም፤ ሽንት ጨርቅህን ያጠብኩ ሰው ነኝ፣ ልብህን አውቀዋለሁ። ፈሪ ነህ እንጂ ክፉ አይደለህም።

እማዬ አንገትህን እቅፍ አድርጋ ትስምሃለች፣ ለትንሳኤ ጉንጭ የተለየ ሰላምታ አላት። ደገፉ እንደምን ከርመሃል ይልሃል፣ ስለ መንጃ ፈቃዱ የጻፍኩትን ስላላነበበ አሁንም ይወደኛል። ልጆቼ አጎታችን ኳስ ይላክልን ብለዋል። ጋሽ ቦጋለ ለዚያ ጸጉረ ረጅም ልጅ ሰላም በይልኝ ብለውኛል፣ ብየዳው የማን እንደሆነ ቢገባቸውም ባይገባቸውም አልነገሩኝም። ለሣራ የእህትነት ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ወገቧን በሙቅ ውኃ ትታሸው።

ይህን ስጽፍ አባዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም። ምን ልበልልህ አልኩት። እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አለኝ፦ ሰላም ለአንተ ይሁን ልጄ። ያን ቀን መንገድ ዳር ቆመህ ብቻህን ስታስበይዳት ምን ያህል ፈርተህ እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ያን ያህል የማስፈራ አባት ነበርኩ ወይ?

መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፣ የጠየቀህ እሱ ነው።

የምትወድህ እህትህ
ትዕዛዝ ኤርካሎ
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.